መጀመሪያ ለተሰበሰበው ሰው ሥራ ስጡት

እኛ አገር አደጋ ሲደርስ ሰው አይጠፋም። አንዷ «ኧረ ድረሱልኝ!» ካለች ደረጃው ወዲያው ይሞላል፤ አንዱ ክብሪት፣ አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ ጸበል ይዛ ከች ትላለች። ስለ መጀመሪያ እርዳታ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ተጎጂውና ረጂው ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው የተገናኙ ያስመስላል። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። መሥሪያ ቤታችን የቀይ መስቀል አሠልጣኝ አስመጥቶ ካሠለጠነን ወዲህ ግን ብሎኩ «ነርሷ» ብሎ ሰይሞኛል። ነርስ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። እዚህ የምጽፈው በሥልጠናው ያገኘሁት ነገር ከነጎረቤቱ፣ ከነውሃ ፈረቃው፣ ከነእማማ ቅቤ ጋር ሲሞከር ምን እንደሚመስል ነው።

ከሁሉ በፊት ሰውን ማሰማራት ነው። «ዞር በሉ፣ አየር ስጡት!» ብሎ መጮህ አይሠራም፤ ሁሉም እርስ በርሱ «ዞር በሉ» ይባባልና ማንም ዞር አይልም። የሚሠራው አንድ ሰው መርጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ አንድ ሥራ መስጠት ነው። «ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ ለአምቡላንስ 907 ደውል፤ ያሉህን መጥተህ ንገረኝ።» «ጋሼ፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሕፃናቱን ይመልሱልኝ።» ቅቤ ፍለጋ የሚሮጠው ሥራ ያልተሰጠው ሰው ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቆሞ ማየት ስለሚያስጨንቀው ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ቃጠሎ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ይብሳል። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ለዶሮ መንጫ የፈላ ውሃ በሳፋ ተደርጎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሦስት ዓመቱ ማሙሽ እየሮጠ መጥቶ እጁን እስከ ክርኑ ነከረው፤ ጭኑም ላይ ተረጨበት። ስደርስ አያቱ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ከፍተው እየጨመቁ ነበር።

«እማማ፣ እሱን ለእኔ ይስጡኝና ይቺን ጆግ ይያዙልኝ። ቀስ አድርገው ያፍስሱበት።»

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ ከነካውማ ይቋጥራል!»

«የሚያስቋጥረው ሙቀቱ ነው እማማ። ሙቀቱ ገና ቆዳው ውስጥ ነው፤ እሱን እናውጣለት።»

እንዲህ ስል ክርክር ውስጥ አልገባሁም፤ ጆጉ እጃቸው ላይ ስለነበር ማፍሰስ ጀመሩ። ይህን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ሰው «ተዉ» ሲባል ይከፋዋል፣ «ይያዙልኝ» ሲባል ይይዛል።

ቃጠሎን ማቀዝቀዝ ማለት 20 ደቂቃ ሙሉ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ (በረዶ ያልሆነ) ውሃ ማፍሰስ ነው። በረዶ በራሱ ቆዳ ይጎዳል። ችግሩ የእኛ ቧንቧ የዚያን ቀን ተራው አልነበረም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ በቀጭኑ ከፈሰሰ ለ20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሥር ንጹሕ ሳፋ ከተደረገ ደግሞ የወረደውን ቀድቶ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ስለሚጮህ ሁሉም «በቃው፣ በቃው» ይላል። ለዚህ ነው ስልኩን አውጥቼ ሰዓቱን ለእናቱ የሰጠኋት፤ እሷ ደቂቃውን እየቆጠረች ለቤቱ ሁሉ ትናገራለች። ውሃው የሚፈሰው ቁስሉ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረውን ገላ በጋቢ መጠቅለል ያስፈልጋል፣ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋልና። ወዲያው ማቀዝቀዝ ካልተቻለም እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢዘገይ እንኳ ይጠቅማል።

ውሃው እየፈሰሰ ሳለ የረጠበውን ልብስ አወለቅን። ልብስ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ግን አይጎተትም፤ በዙሪያው ተቆርጦ ይተዋል። እጁ ላይ የነበረችውን የብር አምባርም ቶሎ አወጣናት። እጅ ካበጠ በኋላ አምባርም ቀለበትም አይወጣም፤ ደም ዝውውር አንቆ ይይዛል። ከዚያ እጁን በአዲስ፣ ባልተነካ ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተን አፉን ላላ አድርገን ያዝነው፤ ጭኑን በታጠበና በተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ሸፈንነው። ፌስታል ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ ቁስል ላይ አይጣበቅም፣ ከአቧራ ይከላከላል፣ ሐኪሙም ሳይገልጠው ያየዋል። ጥጥ ግን ክሩ ቁስሉ ላይ ይቀራል። የቋጠረው ውሃ አይፈነዳም።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ ሁሉም ሙቀቱን ከማቆየትና ጀርም ከማስገባት ሌላ ሥራ የላቸውም። ሐኪም ቤት ሲደረስ ደግሞ የተቀባው ካልተጠረገ ቁስሉ አይታይም፤ ያ መጥረግ ልጁን እንደገና ያሠቃየዋል። ይህን ለአያቱ ሆስፒታል ስንጠብቅ ነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ በደንብ ሰሙኝ።

መቼ ነው ሐኪም ቤት የሚኬደው? ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከበለጠ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ኬሚካል ያደረሰው ከሆነ፣ ቆዳው ነጥቶ ወይም ከስሎ ሕመም የማይሰማው ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ሳይውል ሳያድር። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። ከባድ ቃጠሎ ከሆነ መጀመሪያ ያገኛችሁት ጤና ተቋም ወደዚያ ሪፈር ይጻፍ እንደሆነ ጠይቁት።

ኤሌክትሪክን ካነሳሁ አይቀር፦ የእንጀራ ምጣድ ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው ካያችሁ እጃችሁ መሄድ ያለበት ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ነው። ማብሪያው እስኪጠፋ ማንም እንዳይነካው አንድ ሰው መድቡ።

ሁለተኛው የክብሪት ጉዳይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ክብሪት ይጫራል፤ ጠፍቶ የሚጨሰው እንጨት አፍንጫው ሥር ይደረጋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ወጣት የወደቀ ጊዜ እኔ ከመድረሴ ሁለት ክብሪት ተጭሮ ነበር።

«ልጄ፣ ካላሸተተ አይነሣም» አሉኝ ክብሪቱን የያዙት አባት።

«አባባ፣ እርስዎ ሰዓት አድርገዋል፤ ከአሁን ጀምረው 5 ደቂቃ ሲሞላ ይንገሩኝ። እስካሁን ስንት ሆነው?»

ክብሪቱን ኪሳቸው ከተው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ወጣቱ የእሳቸው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጡን አቆመ። ክብሪቱ የተከበረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ አብዛኛው የሚጥል በሽታ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ክብሪት ፈልጎ፣ ጭሮ፣ አሽትቶ እስኪጨረስ ደግሞ ያው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። የድኝ ጭሱ ግን መተንፈስ ያቃተውን ሰው የመተንፈሻ አካል ከመለብለብ አልፎ የሚያደርገው ነገር የለም።

የሚደረገው ጥቂት ነው። ድንጋይና ሹል ነገር ከአካባቢው ማራቅ፣ ጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ሹራብ ማድረግ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ ወይም ቁልፍ ማላላት፣ ሰዓት መያዝ። እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝ ይሰብረዋል እንጂ አያቆመውም። ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አይገባም፤ ምላሱን አይውጥም፣ ጥርሱ ግን ይሰበራል፣ ጣታችሁም ይነከሳል። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አጋድሙት፤ ምራቁ በአፉ ይውጣ። ውሃ አይደፋበት፣ በደንብ እስኪነቃም አያጠጡት። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ከተጎዳ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ።

እዚህ ላይ ከነጠላ የተሻለ መሣሪያ የለም። ሰውየው ሽንት ሊያመልጠው ይችላል፤ ሲነቃ ደግሞ መቶ ሰው ቁልቁል እያየው ነው። አንዲት እናት ሳልጠይቃቸው ነጠላቸውን ወገቡ ላይ ጣል አደረጉለት። በሥልጠናው ያልተነገረኝ፣ ከእሳቸው የወሰድኩት ነገር ነው። ስለ ጸበሉ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ለቤተሰቡ የምለው ጤና ጣቢያ ሄዶ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲጀምር፣ ጸበል ሲገባም ክኒኑን እንዳያቋርጥ ነው። ድንገት ያቋረጠ ሰው ካለፈው በባሰ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል።

ስለ ከሰል ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ያምናል፤ የተማረውም ያልተማረውም እኩል። «ጭሱን ውጭ አስወጥተን፣ ቀልቶ ነው ያስገባነው» ይላሉ። ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ በሌለው፣ ቀይ በሆነው ፍም ላይ በደንብ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በተለይ አራስ ያለበት ቤት፣ መስኮት ዘግቶ ከሰል አቅርቦ መተኛት አደገኛ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት ነው። ቡና ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካለ ዕጣኑ አይደለም፣ ተነሥታችሁ ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ አውጡ፤ ውስጥ ቆማችሁ «ምን ሆነሽ ነው?» አትበሉ። ወተት የሚያጠጣ ጎረቤት ሁሌም አለ። ጋዙ ያለው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ደም ውስጥ ስለሆነ ወተት አይደርስበትም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየርና የሆስፒታል ኦክስጅን ነው። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ይመርመር።

የነስር ነገር ያስቀኛል፤ ልጅ ሲነስረው አገር ምድሩ «ቀና በል!» ይላል፣ አናቱ ላይም ውሃ ይፈስበታል። ቀና ሲል ደሙ ወደ ጉሮሮው ወርዶ ያስመልሰዋል። ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨምቆ፣ በአፉ እየተነፈሰ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅ ይያዝ። በየደቂቃው «ቆመ እንዴ?» እያሉ መልቀቅ ነው ነስርን የሚያራዝመው።

ቢላ ለቆረጠው እጅም ያው ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ 10 ደቂቃ ሳይገልጡ መጫን። ጨርቁ ከራሰ ላዩ ላይ ሌላ ይደረባል እንጂ አይነሣም። የቡና ዱቄት መነስነስ ደሙን ያቆመ ይመስላል፣ ስፌት የሚሰፋው ሐኪም ግን ዱቄቱን አንድ በአንድ ሲያጥብ ይውላል።

ትንታ ላይ ዋናው ነገር መለየት ነው። የሚያስል ሕፃን እየተነፈሰ ነው፤ እንዲያስል ይተው። ማሳልም፣ ማልቀስም፣ መናገርም ያቃተው ግን ሰከንድ አይሰጥም። ወደ ፊት አዘንብሎ በመዳፍ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መግፋት፤ እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ አይገፋም፤ ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን 5 ጊዜ፣ ገልብጦ ደግሞ ደረቱን መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ። በዓይን የማይታይ ነገር በጣት አይፈለግም፤ ይገፋል እንጂ አይወጣም። ውሃ አጠጡት የሚለው ምክርም አይረዳም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለሕፃን አትስጡ ስል አያቶች ይቀየሙኛል፤ ግድ የለም፣ ይቀየሙ።

ትንፋሹ የቆመ ሰው ደረቱን መጫን በንባብ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ አሻንጉሊቱ ላይ ክንዳችሁ እስኪዝል መሞከር አለባችሁ። ግን ሥልጠና የሌለው ሰውም ቢሆን ቆሞ ከሚያለቅስ ደረቱን መሐል በሁለት እጁ፣ ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሰመጠ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ቢጫን ይሻላል። ትንፋሽ መስጠት ያልቻለ መጫኑን ብቻ ይቀጥል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሰው ይቀያይር፤ እዚህ ላይ ብዙ ጎረቤት መኖሩ በረከት ነው።

በየቤቱ ነጭ ጋዝና በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ይቀመጣል። ሕፃን ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው። ከጠጣ ጣት ከቶ ማስመለስ ክልክል ነው፦ በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፣ ነጭ ጋዙ ደግሞ ሳንባ ይገባል። አፉን አጥቦ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ጠርሙሱን የምትይዘው አንዷ ጎረቤት ትሁን፤ እናትየው አትችልም፣ ልጁን ይዛለች።

ስለ ወጌሻ ሲጠይቁኝ መልሴ ሁለት ነው። ለወለምታ የሚሄድን ሰው አልከለክልም፤ እኔም እግሬን ታሽቼ አውቃለሁ። አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን እንዳለ፣ ሳትጎትቱና ሳታሹ፣ በካርቶን ወይም በተጠቀለለ ጋዜጣ ደግፋችሁ ራጅ ወደሚነሣበት ውሰዱት። አስቀድሞ በቀርከሃ የታሰረ ልጅ ቤታችሁ ካለ ጣቶቹን በየሰዓቱ እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ እስሩ ወዲያው ይፈታ፣ ልጁም ሆስፒታል ይሂድ። ጠብቆ በመታሰሩ ብቻ እጁ የተቆረጠ ልጅ አለ።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠብ። ይህ ለማስመሰል የሚደረግ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስን ከቁስሉ የሚቀንሰው ይኸው እጥበት ነው። ክትባቱ የዚያኑ ቀን ይጀመር፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

አምቡላንስ መጥራት ራሱ ሙያ ነው። የቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ችግሩ የእኛ ሰፈር አድራሻ ነው፤ ደዋዩ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ብሎ ይዘጋዋል። ሳይጠየቅ የሚነገረው ይህ ነው፦ የሳይቱ ስም፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የሚታወቅ ምልክት፣ የብሎክ ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የደዋዩ ስልክ። ከዚያ ስልኩ ነፃ መሆን አለበት፤ ዘመድ አዝማድ በሌላ ስልክ ይደወልለት። አንድ ሰው ዋናው በር ላይ፣ አንድ ሰው ብሎኩ ሥር ይቁም፤ ደረጃ ላይ የተከመረ ወንበርና ጀሪካን ካለ ይነሣ፣ ቃሬዛ መዞር አለበት። አምቡላንሱ ይዘገያል ከተባለ መኪና ያለው ጎረቤት ይቀስቀስ፤ ራይድም ቢሆን ይጠራ።

ከቤቴ በር ኋላ የተሰቀለች ቦርሳ አለችኝ፦ ጓንት፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ የተተኮሰ ነጠላ ቁራጭ፣ አዲስ ፌስታሎች፣ የእጅ ባትሪና ሁለት ሦስት ለምለም (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት)። ለምለም አንዱ እሽግ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በብርጭቆ በጥብጦ ልጅን ማጠጣት ጨው ያበዛበታል። ቁልፉን ለዘበኞቹም ሰጥቻለሁ፣ ቀን ቀን ሥራ ስለምውል።

ያለ ሥልጠና ግን ቦርሳዋ ብዙ አትጠቅምም፤ ቀን ብሎኩ ላይ የሚገኙት ደግሞ ዘበኞቹ ናቸው። እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ሦስት ትልልቅ ድስት አለው፤ ሁለቱን ዘበኞች ቀይ መስቀል ዘንድ ለማሠልጠን ገንዘብ ይመድብልን ብለን ደብዳቤ አስገብተናል። ሊቀመንበሩ «ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አደርገዋለሁ» ብለውናል፤ ገንዘብ ያዧ ከወዲሁ ፊቷን አጥቁራለች።